የድምፅ ቤቱ ግድግዳ

ሐምሌ 4 ቀን 1976፣ ደብረ ታቦር

ጓድ በላይነህ ዛሬ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ። የአውራጃው የባህልና የኪነት ኃላፊ በእግሩ ከመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ተማሪው ለክረምት ተበትኗል፤ እኔ የእንጨት ሥራ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን መሮ እየሳልኩ ነበር። ቁጭ እንኳ ሳይል ጀመረ። የቀበሌያችን የድሮ እህል መጋዘን የድምፅ መቅረጫ ቤት እንዲሆን ተወስኗል፤ የሚሠራውም «ጓድ ደሞዜ» ነው። መወሰናቸውን ሰማሁ፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

«በጳጉሜን ከጎንደር መቅረጫ ይዘው ይመጣሉ» አለኝ። «የየአውራጃውን ኪነት መዝሙር ይቀዳሉ። ቴፑን እዚያው ጎንደር ሰምተው አንዱን ቡድን ይመርጣሉ። የተመረጠው የክፍለ ሀገሩ ቋሚ ኪነት ይሆናል።»

እንጨቱ ከየት፣ ሚስማሩ ከየት ልለው አፌን ስከፍት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ።

«ቋሚ የሆነ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራም። ውባንተ ክራር መቺያችን አይደለም እንዴ?»

አፌን ዘጋሁ። ልጄ ማትሪክ ወድቆ ቤት ከተቀመጠ ዓመት ሊሞላው ነው። ከወለድናቸው የተረፈልን እሱ ብቻ ነው። ዕድሜው ደርሷል። የቀበሌው ሊቀ መንበር መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ልጁ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ ጤናውን እየጠየቀኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ማታ ለባለቤቴ ለፈንታነሽ ስነግራት፣ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ትችለዋለህ?» አለችኝ።

«የምን ጥያቄ ነው!» አልኳት። እውነቱን ለመናገር የድምፅ መቅረጫ ቤት ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 6

መጋዘኑን አየሁት። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአይጥ ሽታ። ግድግዳው ባለፉት ዓመታት በእበት እየተለቀለቀ እንደ ገበታ ለስልሷል። ለእህል ጥሩ ነው። መሐል ቆሜ አንድ ጊዜ ባጨበጭብ ግራና ቀኙ እየተቀባበሉ ጠጠጠጠ አሉብኝ። ውባንተ ክራሩን ይዞ ተከትሎኝ ነበር። አንዱን ክር ሲመታ፣ የፊተኛው ሳያልቅ ኋለኛው ይደርስበታል። በዚህ ቤት ቢዘፈን ዜማው ይሰማ ይሆናል፤ ቃሉን ግን ማንም አይለየውም።

ጣሪያው ዝናብ ሲወርድበት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ለእሱ መድኃኒት የለኝም። በክረምት የሚቀዳ ከሆነ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይመጣ ነው።

ሐምሌ 12

ጎረቤቱን አስቸግሬ ባና ሰበሰብኩ። የጉና በግ ጠጉር ወፍራም ነው፤ ድምፅ ይውጣል ብዬ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። ዋጠ። ሁሉንም ዋጠ። ውባንተ አንድ ዘፈን እንደ ጨረሰ ፊቱን አጥቁሮ፣ «አባዬ፣ ጆንያ ውስጥ ታስሬ የምዘፍን መሰለኝ» አለኝ። ክራሩ ደረቀ። ልጁ ድምፁ ደክሞ የታመመ ሰው መሰለ።

ባናዎቹን ለየባለቤቶቻቸው መለስኩ። በዚህ ብርድ ባናውን ከላዩ ገፎ የሚሰጥ የለም፤ የሰጡኝ ስለ ውባንተ ብለው ነው። ጎረቤታችን ትርንጎ ባናዋን ስትቀበለኝ፣ «አያ ደሞዜ፣ አልሆነም እንዴ?» ብላ እንደ ልቅሶ ቤት ሰው አንገቷን ደፋች። የእሷም ልጅ ጌጡ ዕድሜው ከልጄ ጋር እኩል ነው፤ ግን አይዘፍንም፣ ምንም አይመታም።

ሐምሌ 18

ተመስገን። ካሳሁን የሚባል የድምፅ ቴክኒሻን ከጎንደር መጥቶ ቤቱን አየው። ምሥራቅ ጀርመን የተማረ ነው፤ ግን አይኮራም። በመቀመጫዬ አግዳሚ ላይ በጠመኔ እየሳለ አስረዳኝ።

«ጋሽ ደሞዜ፣ ድምፁን አይግደሉት። ይበትኑት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ሲወድቅ እንደመጣ ይመለሳል። ጥልቀታቸው የተለያየ ጉድጓዶች ላይ ሲወድቅ ግን ከጥልቁ ዘግይቶ፣ ከቅርቡ ቀድሞ ይመለሳል፤ ስለዚህ ወደየአቅጣጫው ይበታተናል፤ ግን አይጠፋም። ሰባት ጉድጓድ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው ስስ ክፍልፋይ። የጥልቀታቸው ልክ ዜሮ፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት፣ አንድ። ትልቁ አንድ ስንዝር ይሆናል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ለምን በዚህ ቅደም ተከተል እንደሆነ የሂሳብ ነገር ነገረኝ፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን አመንኩት። ካሳሁን በፈረንጅ ስሙ ይጠራዋል፤ እኔ «በታኝ» ብዬዋለሁ።

«ጉድጓዱ ባዶ ይሁን እንጂ» አለኝ ሲሄድ። «ሥራውን የሚሠራው ባዶው ነው።»

ዕድሜዬን ሁሉ ክፍተት ሲደፈን፣ ስንጥቅ ሲሞላ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ይህ ነገር ሌላ ነው። ዛሬ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነው የምተኛው።

ሐምሌ 22

እንጨት ችግር ነው። የባሕር ዛፍ ጣውላ አመጡልኝ፤ እርጥብ ነው፣ አድሮ ተጣመመ፣ በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ። ዋንዛ የሚሸጥ የለም። ደረቅ ጽድ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ እሱን የሚነካ እጅ የለኝም። መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት አስከፍቼ የተሰባበሩ ዴስኮችን አወጣሁ። ዓመታት የደረቀ እንጨት! መላጊያ ሲነካው ይዘፍናል።

ዴስኮቹ ላይ ተማሪዎች ስማቸውን በምላጭ ቀርጸውባቸዋል። «ሙሉሐብት፣ 9ኛ ለ» ይላል አንዱ። አስታውሰዋለሁ፤ መጋዝ የሚይዘው በግራው ነበር። በ1970 ዓ.ም. አንድ ቀን ሲመሽ ከቤቱ ወሰዱት። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ስሙ ያለበትን ፊት መላጊያ አላስነካሁትም፤ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ አዙሬ ገጠምኩት።

ሐምሌ 28

ኮላ አለቀ። ባሕር ዳር ሰው ልኬያለሁ። ለክፍልፋዩ ኮምፔርሳቶ ተገኘ፣ ግን የራሰ ነው፤ ምድጃ ዳር እያደረቅኩት ነው። ወገቤ። በላይነህ ዛሬም «የት ደረሰ?» አለ። ከጋይንት በኩል የሚመጣው የተራበ ሰው በዝቷል፤ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሁለት ቤተሰብ አድሯል። ውስጡ እህል ያለ መስሏቸው ነው።

ነሐሴ 3

በታኙን ግድግዳ ላይ መስቀሉ ከመሥራቱ ባሰ። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም፤ ሚስማሩ ጭቃ ይዞ ይመለሳል። በታኙ ደግሞ ከባድ ነው። ግድግዳውን በጣቴ አንጓ እየመታሁ ውስጥ ያሉትን ቋሚዎች ፈለግሁ፤ እነሱ ጠንካራ ናቸው። በቋሚዎቹ ላይ አግዳሚ አስሬ በታኙን በጠፍር አንጠለጠልኩ። ጠፍር ከሚስማር ይበልጣል ብዬ ተመጻድቄ ነበር። ያደረው ዝናብ አየሩን ሲያርሰው ጠፍሩ ተለጥጦ ጠዋት ስገባ በታኙ ጣት ያህል ወርዶ ዘሞ አገኘሁት። የኪነቱ ልጆች ሥሩ ቆመው ቢሆንስ?

ጠፍሩን በሽቦ ለወጥኩ። ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጬ እግር አበጀሁለት፤ ከላይ ሽቦው ይይዘዋል፣ ከታች ድንጋዩ ይሸከመዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ዛሬ ስለቅም ዋልኩ።

ነሐሴ 9

ፈንታነሽ ምሳ ይዛልኝ መጥታ በታኞቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው። ዞር ዞር ብላ፣ «ምንድን ነው የሚቀመጥባቸው?» አለችኝ። መደርደሪያ መስሏት ነው።

«ምንም።»

«ታዲያ ጉድጓዱ ለምንድን ነው?»

«ለድምፅ ነው። አይገባሽም። ይልቅ ውሃ ልኩን አቀብዪኝ።»

አቀበለችኝ። ሰሃኑን ይዛ ወጣች። ቸኩዬ ነበር፣ መሰላል ላይ ነበርኩ። ማታ ላስረዳት አስቤ ነበር፤ ማታ ደክሞኝ ተኛሁ። ሌላ ቀን።

ነሐሴ 14

ትናንት የቡሄ በዓል ነበር። ከተማው የስሙን ቀን ያውቅበታል፤ ጅራፉ ከየኮረብታው ሲጮህ ዋለ። ጅራፉን ስሰማ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ማጨብጨብ ደካማ ነው። ድምፅ ቤትን በደንብ ለመፈተን ስለታም፣ አጭር፣ ኃይለኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ዛሬ ከውባንተ ጅራፍ ተውሼ፣ ቤቱን ዘግቼ፣ ሽማግሌው መምህር መሐል ቆሜ አጮኽኩት።

ጧ! ከዚያ ዝም።

ዝምታው የባናው ዓይነት አይደለም። ድምፁ እንደ ተበተነ እህል ክፍሉን ሞልቶ ቀስ ብሎ አለቀ። አንዱ ግድግዳ ለሌላው አልወረወረውም። ደገምኩት። ውባንተ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ክራሩን አነሳና ያችን የኪነቱን የመክፈቻ መዝሙር ዘፈናት። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ድምፁ ግን ሥጋ አለው። የልጄ ድምፅ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ቤት ሳልጠራው ይመልስልኛል» አለ። አልገባኝም ምን ማለቱ እንደሆነ፤ ግን ደስ ብሎታል።

ይመረጣሉ። አምናለሁ፣ ይመረጣሉ።

ነሐሴ 21

የትርንጎን ጌጡን ወሰዱት። ሌሎችም ነበሩ፤ ከቀበሌው ግቢ መኪና ላይ ጫኗቸው። ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መኪናው እስከ ዳገቱ ድረስ ተከተለችው። ፈንታነሽ ደግፋ አመጣቻት። ሌሊቱን እኛ ቤት አደረች። በመኝታዬ ሆኜ ትርንጎ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

«የኔ ሄደ። ያንቺ እንኳ ይቅር። ያንቺ እንዲቀር የማላደርገው የለም።»

ነሐሴ 27

በላይነህ ቤቱን ሊያይ መጣ። በአግራሞት ግድግዳውን እያየ፣ «ይሄ ነገር አላለቀም እንዴ?» አለ።

አልቋል አልኩት። አስረዳሁት። ካሳሁን እንዳስረዳኝ አድርጌ፣ ሰባቱን ጉድጓድ በእጄ እያሳየሁ። ራሱን ነቀነቀ። የሚነቀንቀው ራስ የገባው ራስ እንዳልሆነ ከማስተማር ብዛት አውቃለሁ። ይህን ጊዜ ፈንታነሽ ምሳዬን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች።

«እሺ፤ እንግዳ ግን የሚያየው ጉድጓድ ነው» አለ። «ከጎንደር ሰው ሲመጣ ግድግዳችን የተቦረቦረ፣ የተጋጠ ይመስላል። ልጆቹን ከማየታቸው በፊት ቤቱን ነው የሚያዩት። ያሳፍረናል።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ፈንታነሽ፣ «መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። «በጳጉሜን ሦስት» አልኳት።

ጳጉሜን 2

ወንዱ ሁሉ ለአደባባዩ የአብዮት በዓል ቅስት ሥራ ታዘዘ። አናጺ ስለሆንኩ እኔን ይብሳል። ከጨለመም በኋላ በፋኖስ ሠራን። ዝናብ ደበደበን። ቤት ስገባ ፈንታነሽ የለችም፤ ውባንተ «እትዬ ትርንጎ ጋ ነኝ ብላለች» አለኝ። ብቻዋን እንዳታድር ሄዳ ነው። ደግ ናት።

ነገ ነው። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም።

ጳጉሜን 3፣ ጠዋት

የጎንደር መኪና ገብቷል። የመጋዘኑ ቁልፍ ከተሰቀለበት የለም። ፈንታነሽም አልመጣችም። ልሂድ።

ጳጉሜን 3፣ ማታ

መጻፍ ይኖርብኛል፤ ካልጻፍኩ እብድ እሆናለሁ።

የእርጥብ እበት ሽታ ከደጅ ተቀበለኝ። በሩ ላይ ፈንታነሽ፣ ትርንጎና የሰፈሩ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም እስከ ክርናቸው ጭቃ ናቸው። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ግን ይስቃሉ። ፈንታነሽ እጄን ይዛ፣ «ግባ፣ እየው እንጂ» አለችኝ። ሙሽራ እንደምታስገባ ሆና።

ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ለስልሷል። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በድንጋይና በጭድ ጭቃ ሞልተው፣ ላዩን በእበት ለቅልቀው፣ በጣታቸው ሐረግ ስለውበታል። ቆንጆ ነው። ስንት ቅርጫት ጭቃ በዚያ ዝናብ ተሸክመው ይሆን? የሙሉሐብት ስም ከሥሩ ነው።

«ለእንቁጣጣሽ የራሳችንን ቤት ሳንለቀልቅ ይኼንን አስቀደምን» አለች ፈንታነሽ። «ጓድ በላይነህ ያለውን ሰምቼ አላስችል አለኝ። ግድግዳው አሳፍሮን ልጄ ሳይመረጥ ይቅር? አንተ ደግሞ ደክመሃል፣ ጊዜም የለህ። ጨረስንልህ።»

አጨበጨብኩ፤ ልሰማው ነው። ጠጠጠጠ አለ፤ እንደዚያ እንደ ሐምሌው። ሴቶቹ ግን አድናቆት መሰላቸው፤ እነሱም አጨበጨቡ፣ እልል አሉ። እልልታው ግድግዳና ግድግዳ እየተላተመ ጆሮዬን ሲበሳው ካሳሁን መቅረጫውን ተሸክሞ ገባ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ጠጋ ብሎ፣ «ጋሽ ደሞዜ፣ በታኙ የት ሄደ?» አለኝ። በእጄ ግድግዳውን አሳየሁት።

መሮ አወጣሁ። ከበሩ አጠገብ ያለውን የመጀመሪያውን ጉድጓድ መፈልፈል ጀመርኩ። በላይነህ ከእንግዶቹ ጋር ገባ። «ምን ያደርጋሉ፣ ጓድ ደሞዜ? ገና አሁን ቤት መሰለ! ሴቶቹ ሌሊቱን ሙሉ የለፉበትን?» ካሳሁን ጥቂት ሰዓት እንዲሰጡን ለመነ። ከጎንደር የመጣው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። መኪናው ከሰዓት አዲስ ዘመን ከተማ መድረስ አለበት፤ ደግሞም ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ አይቀርም፤ ዝናቡ ከጀመረ በቆርቆሮ ሥር የሚቀዳ የለም። አሁን ካልተቀዳ ቀረ።

ያኔ ፈንታነሽ መሮውን በእጄ አየችው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። «ምነው? አበላሸን እንዴ?» አለች።

«አይ» አልኳት። «ጠጠር ወጥቶ አይቼ ነው።» መሮውን ኪሴ ከተትኩት።

ያቆምኩት በላይነህ ስለከለከለኝ ነው። መኪናው ስለማይጠብቅ ነው። ዝናቡ ስለሚመጣ ነው። ልጮህ እችል ነበር ወይ? ብጮህ ይሰሙኝ ነበር ወይ? ያቆምኩት መኪናው ስለማይጠብቅ ነው።

ካሳሁን ካፖርቱንና የመኪናውን ሸራ እዚህም እዚያም ሰቀለ። ምንም አልጠቀመ። ልጆቹ ዘፈኑ። ከበሮው ከቃሉ ላይ፣ ቃሉ ከክራሩ ላይ ተደራረበ። ውባንተ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮ ያለው ልጅ ነው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ክራሩ መልሶ እስከ መጨረሻው ዘፈነ።

ከሰዓት ዝናቡ መጣ። ሕፃናቱ በሩፋኤል ዝናብ ራቁታቸውን ሲታጠቡ ዋሉ።

ጳጉሜን 5

ምናልባት ቴፑ ላይ እንደ ቤቱ አይከፋም። ካሳሁንም ጎንደር ላይ ሊያስተካክለው ይችላል፤ መሣሪያ አላቸው።

መስከረም 4 ቀን 1977

በዓሉ አለፈ። የሠራሁት ቅስት አልወደቀም።

ፈንታነሽ ለሚያገኛት ሁሉ የግድግዳውን ነገር ታወራለች። ከጎንደር የመጣው ሰውዬ «ጥሩ ቤት ነው» ብሎ ነበር፤ እሷ ሰምታዋለች። እሱን እንደ ጸበል ጠጥታዋለች። ስታወራ እያየኋት እናደድባታለሁ፤ ደግሞ በመናደዴ አፍራለሁ። አንድ ጊዜ ብነግራት ምን ነበረበት? ጉድጓዱ ለምን እንደሆነ ለበላይነህ አስረዳሁ። ለእሷ አላስረዳሁም።

መስከረም 17

አልተመረጡም። «ቃሉ አይሰማም» ነው የተባለው። በላይነህ ራሱ ነገረኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

እራት ላይ ፈንታነሽ፣ «ለምን?» አለች። «ምን ጎደላቸው? ቤቱ እንኳ እንደዚያ አምሮ!» ትዝ ብሏት መቁጠር ጀመረች፤ ማን ዘፈነ፣ ማን ከበሮ መታ። ቆጥራ ቆጥራ ወዴት እንደምትደርስ ታየኝ።

«እንጨቱ ነው» አልኳት። «የእኔ ሥራ ነው። ያልደረቀ እንጨት ገጠምኩ፤ በዝናቡ ተጣሞ ድምፁን አበላሸው።»

ቀስ ብላ እጇን ከሰሃኑ አነሳች። ውባንተ ወጡን እያየ ነበር።

«አዎ፣ እማዬ» አለ። «እንጨቱ ነው።»

ልጄ ዋሸልኝ። ወይም ዋሸላት።

ጥቅምት 1

ስሙ ተጠራ። በወሩ ስድስተኛ ቀን ነው የሚሄዱት።

ጥቅምት 6

ሄደ። ከቀበሌው ግቢ በር ላይ ጥቂት አነጋገሩን። ክራሩን ይዤለት ሄጄ ነበር፤ «አይፈቅዱም፣ አባዬ፣ ይመልሱት» አለኝ። ከዚያ እናቱ ለሌሎቹ ልጆች ቆሎ ስታድል ጠብቆ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ያንን ነገር ለእማዬ እንዳይነግሯት።»

«የቱን?»

«ያውቁታል እኮ» አለ። ትከሻዬን ሳመኝ።

መኪናው ሲነሳ ፈንታነሽ አልተከተለችውም። አላለቀሰችም። ቤት ደርሰን በሩን ከዘጋሁ በኋላ ዞር ብላ፣ «እንጨትህ ልጄን በላው» አለችኝ። አጎዛዋን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። ግን ይሻላል። ይህ ይሻላል።

ጥቅምት 24

አታናግረኝም። ምግብ ታቀርባለች፤ ግን «ብላ» አትልም። እኔም አላናግራትም። ምን እላታለሁ? ሳያት ብቻ ክብደቷ እየቀነሰ ነው፤ ሌሊት ስትንቀሳቀስ እሰማታለሁ። ሬዲዮ ስለ ሰሜን ጦር ግንባር ሲያወራ ድምፁን ትጨምረዋለች።

በላይነህ መጋዘኑን እንደገና ለእህል አስረከበው። ለተራበው የሚከፋፈል ስንዴ ገብቶበታል። ሸክም የሚያራግፉት ሰዎች የግድግዳውን ሐረግ እያደነቁ ነበር።

ኅዳር 11

ዛሬ ትርንጎ መጣች። ደጃፍ ላይ ወንበር እያበጀሁ ነበር። እንደ ወትሮዋ አልተቀመጠችም።

«አያ ደሞዜ፣ አንድ ነገር ሰምቼ ነው። የኪነቱ ልጆች ገበያ ላይ ሲያወሩ፣ ድምፁን ያበላሸው ያ የእኛ ጭቃ ነው ይላሉ። ያ መቅረጫ ይዞ ከጎንደር የመጣው ልጅ ነው አሉ የነገራቸው። እውነት ነው?»

«ማን ነው ይህን ያለ? ውሸት ነው!» አልኳት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ።

ፈንታነሽ ከውስጥ ወጣች። ሰምታለች። ዱቄት እጇ ላይ ነበር። ትርንጎን አላየቻትም፤ እኔን ነው የምታየው።

«ጭቃው ነው?» አለችኝ።

ልጃችን ከሄደ ወዲህ ለእኔ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

«እንጨቱ ነው አልኩሽ እኮ።»

«መሮውን ለምን አወጣኸው ያን ቀን?»

«ጠጠር ነው አልኩሽ።»

«ማልልኝ።»

«እኔ ልሙት፣ እንጨቱ ነው።»

«ባንተ አይደለም» አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «በልጄ ማልልኝ። በውባንተ።»

ትርንጎ፣ «ተይ፣ ተይ እህቴ፣ ግንባር ባለ ልጅ አይማልም» ብላ መሐላችን ገባች። ፈንታነሽ በእጇ ገፋቻት። እውነቱን ብነግራት እዚያው እንደምትወድቅ አየሁ፤ ወድቃም እንደማትነሳ። ዝም ብልም ያው ነው፤ ዝምታዬ መልስ ነው። ከመሐላው ሌላ መንገድ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ውባንተ ይሙት፣ እንጨቱ ነው» አልኩ።

ፈንታነሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያን ሁሉ ሳምንት ያልወጣላትን ልቅሶ አለቀሰች። ረገመችኝ፤ እጄን ረገመች፣ መጋዜን ረገመች፣ የእንጨት ሥራ ያስተማረኝን ሰው ረገመች። ትርንጎ እያቀፈቻት፣ «ይኸው፣ እኛ አይደለንም፣ እኛ አይደለንም» ትላታለች። እኔ ቆሜ ሰማሁ። እያንዳንዱ እርግማን እንደ ዝናብ ቀዘቀዘኝ፤ አልጠላሁትም።

ማታ እራት አቀረበችና «ብላ» አለችኝ። በላሁ። ዱሮ እንደምታደርገው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አየችኝ፤ እስክጨርስ አልተነሳችም። አሁን አልጋዋ ላይ ናት። እንቅልፍ ወስዷታል፤ እስትንፋሷ ይሰማኛል።

እኔ ደጅ ወጥቼ፣ «በልጄ ፈንታ እኔ ልሙት፣ እኔ ልሙት» ብያለሁ፤ ማን እንደሰማኝ አላውቅም። መሐላውን የሚፈታ የንስሐ አባት አለኝ። ግን ስለምን ማልህ ማለቱ አይቀርም፤ እሱ የፈንታነሽም የንስሐ አባት ነው።

መርዶ ነጋሪ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ። ከዛሬ ጀምሮ በሩ ጋ እተኛለሁ። ቢንኳኳ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ።